ሁለት የተቀነሰበት ሰው

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ አራት ሆነን የምንጫወተው ጨዋታ ነበር። ቀርቷል። እንዴት እንደቀረ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቀኝም አፌን ሞልቼ የምናገረው አይመስለኝም። መጻፍ ይሻላል።

ጨዋታውን ያመጣው ካርቱም ምህንድስና ሲማር ጦርነቱ ያፈናቀለው ሱዳናዊ ወጣት ነው። በመተማ በኩል ድንበሩን ሲሻገር ከያዛት ጥቂት ዕቃ ውስጥ ጠርዙ የተበላ የጨዋታ ሕግ መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ፣ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት መጣያ፣ ነበረበት። የእናቱ ዘመድ ለዚህ ከተማ ነጋዴ የተዳረች ስለሆነች እነሱ ዘንድ ተጠጋ። የነጋዴው ልጅ የአባቷን የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ትይዛለች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ እኔን ጠራችኝ፤ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፣ ጓደኛዋም ነኝ። አራተኛው የትራክተር መካኒክ ነበር። የሱቁን ጄኔሬተር ሊጠግን መጥቶ ከጓዳው ስንሳሳቅ ሰማንና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። «ምንድን ነው እሱ?» አለ። በዚያው ቀረ።

አጨዋወቱ ከባድ አይደለም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ «ወንዝ ዳር ደርሳችኋል፣ ድልድዩ ተሰብሯል» ይላል። ሌሎቻችን በየፊናችን በፈጠርነው ሰው ስም ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው፤ በወጣው ቁጥር ላይ የዚያ ሰው ችሎታ ይደመራል፣ ወይም ድክመቱ ይቀነሳል። ተራኪያችን ሱዳናዊው ነበር። በአማርኛ ይጀምርና ቃል ሲያጥረው በዐረብኛ ይጨርሳል፤ ባለሱቋ ትተረጉምልናለች።

ሰው ስንፈጥር መጀመሪያ የምንመርጠው ዘሩን ነው። ጆሮ ረጃጅም የጫካ ሰዎች አሉ፣ ድንኮች አሉ፣ ጭራቆች አሉ። አሮጌው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ዘር የሚደመርለትንና የሚቀነስበትን ጽፎለታል። እኔ የጫካ ዘር መረጥኩ፤ ዕውቀት ላይ ሁለት ተጨመረልኝ። መካኒኩ ክልስ ጭራቅ መረጠ። እናቱ ሰው፣ አባቱ ጭራቅ። ጉልበት ላይ ሁለት ተጨመረለት፣ ዕውቀት ላይ ሁለት ተቀነሰበት።

እሱ ግን ያን ጭራቅ ንባብ ወዳድ አደረገው። ዋሻ ውስጥ፣ በየመንደሩ በር ላይ፣ ጽሑፍ ባየ ቁጥር «ላንብበው» ይላል። ዳይሱን ይጥላል፣ ሁለት ይቀነስበታል፣ ሳይሳካለት ይቀራል። እንስቅ ነበር። አብሮን ይስቅ ስለነበር ያመዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዓመት በላይ እንዲህ ሄድን።

ከዚያ ካይሮ የገባ የተራኪያችን ጓደኛ አዲሱን መጽሐፍ በስልክ ላከለት። ለውጡ ብዙ ነው፤ እኛን ያናጋን ግን አንዱ ነው። በአዲሱ ሕግ ዘር አይደምርም፣ አይቀንስም። ተጫዋቹ ያለውን ነጥብ በፈለገው ችሎታ ላይ ያስቀምጣል፤ ጭራቅም ሊቅ መሆን ይችላል። «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ወጥቶ በሌላ ተተክቷል። በአማርኛ ምን እንበለው ተባለ።

«ወገን» አለች ባለሱቋ።

«ወገን ደግሞ ከዘር በምን ይሻላል?» አለ መካኒኩ ፈገግ ብሎ።

ተራኪያችን ሰው ማስከፋት አይወድም። «አራታችንም ከተስማማን እንቀይር። አንድ ሰው እምቢ ካለ በአሮጌው እንቀጥል፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለ። ሦስቱ ተስማሙ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ምክንያቴን ዛሬ በደንብ አውቀዋለሁ። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ያ ጠረጴዛ ትናንት የተባለው ዛሬም የሚጸናበት ቦታዬ ነበር። ይህ አንዱ ነው። ሌላው፣ የእኔ ሊቅ ከጭራቅ ጋር እኩል ልትሆን ነው ብዬ ቅር አለኝ። ይህንን በዚያ ቀን አልተናገርኩም።

«ሕግ በመሃል አይቀየርም። ስትመርጥ ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ማወቁንስ አውቅ ነበር። እንዲህ የሚከብድ አልመሰለኝም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፍጠር። ክልስ ሆኖ ከተወለደ ተወለደ ነው፤ ምን ይደረጋል?»

ባለሱቋ ቀና ብላ አየችኝ። የመካኒኩ አባትና እናት ከሁለት ወገን ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አልጽፍም፤ እዚህ አገር ስሙን መጻፍ በራሱ ጣት መቀሰር ነው። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

«መምህር» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚህ በር ውጭ የሚያገኘኝ ሁሉ አስቀድሞ ዘሬን ይጠይቅና ከዚያ ነው የሚለካኝ። እዚህ እንኳ ልረፍ ብዬ ነው።»

«ጨዋታ እኮ ነው» አልኩት።

«እሱማ ነው» አለና ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ስልክ ልደውልለት አስቤ ተውኩት፤ እሑድ ሲመጣ ይቅርታ እለዋለሁ አልኩ። እሑድ ሳይደርስ፣ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ለአጨዳ የሚያስፈልግ የተበላሸ ትራክተር ሊጠግን ወደ አንድ የሰሊጥ እርሻ በሚኒባስ ሲሄድ መንገድ ላይ አወረዱት። አብራው የነበረች ሴት ናት ለባለሱቋ የነገረቻት። የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቁመው ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ዘሩን ጠየቁ። እሱ የእናቱን ተናገረ። «አባትህስ?» አሉት። ዝም አለ። ዝም ሲላቸው ይዘውት ሄዱ።

ኔትወርክ አልነበረም። እናቱ ቤት ሄድኩ። በራፉ ላይ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል።

«ምን ሰሙ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ምንም፣ ልጄ። አንቺ መምህሯ ነሽ? ስላንቺ ያወራል።» ከዚያም፣ «ባለፈው እሑድ ከእናንተ ሲመለስ እህል አልቀመሰም። ‹እዚያም ቀነሱብኝ› አለኝ። ደመወዙን መስሎኝ ነበር» አሉ።

የማደርገው ጠፋኝ። ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ፊት ስቆም ምን ልጽፍ እንደተነሣሁ ይጠፋኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ እቆማለሁ፤ ጸሎቱ ሳይሆን «ተወለደ ነው» ያልኩት ቃል ነው አፌ ላይ የሚመላለሰው። የባለሱቋ አባት ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ሽማግሌ አሰባስበው ወደ ታጣቂዎቹ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሱዳናዊው ደግሞ፣ «ጦርነት ከኋላዬ እየተከተለኝ ነው፣ የገባሁበትን ቤት ሁሉ አጠፋለሁ» እያለ አለቀሰ።

እሑድ ሦስታችን ጓዳው ውስጥ ተቀመጥን። ልንጫወት አልነበረም፤ ሌላ የምንሄድበት ስላልነበረን ነው። ባለሱቋ የአዲሱን ሕግ ገጾች አትማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። አየኋቸውና፣ «እስማማለሁ» አልኩ። ባለሱቋ ገጾቹን አንሥታ አጠፈቻቸው። የምስማማለት ሰው አልነበረማ።

በዘጠነኛው ቀን ተገኘ። ለምን እንደለቀቁት እሱም አያውቅም። በማሽላ መሃል ሲሄድ አድሮ አንድ የትራክተር ሹፌር አግኝቶት ተጎታች ላይ ጭኖ አመጣው። ሕይወቱ ተርፋለች። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ግን ተሰብረው በዚያው ጠመዋል። በዚያ እጅ ነበር ሞተር የሚፈታው።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እናቱ ውሃ ሊያመጡ ገቡ።

«የእናቴን ስናገር የአባቴን ጠየቁኝ» አለ ሳልጠይቀው። «ኋላ፣ ከወሰዱኝ በኋላ፣ የአባቴን ስናገር የእናቴን ጠየቁኝ። ሁለቱንም ስናገር ውሸታም አሉኝ።»

«ያን ዕለት በድዬሃለሁ» አልኩት። «ሕጉን ቀይረነዋል። እኔም ተስማምቻለሁ። ስትድን ና።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ምን ያደርግልኛል፣ መምህር?» አለ።

አልመጣምም። ሱዳናዊውም ብዙ አልቆየም፤ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ወደ ሌላ ቦታ በአውቶቡስ ወሰዱት። ጓዳው ውስጥ አሁን የወረቀት ካርቶን ተከምሮበታል። እኔና ባለሱቋ ስንገናኝ ስለ ወረቀት ዋጋ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት እናወራለን፤ ስለ እሱ አናነሣም።

መካኒኩን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። ጎንደር ሆስፒታል ለጣቶቹ ቀጠሮ ነበረው፤ ከዚያም እንደማይመለስ እናቱ ነግረውኛል። ሻንጣውን በግራ እጁ ይዞ ወረፋ ቆሟል። ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። «ይቅር፣ እችለዋለሁ» አለና ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አውቶቡሱ በር ተጠጋ። አውቶቡሱ እስኪሄድ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። በመስኮቱ በኩል አላየኝም፤ ወይም አይቶ እንዳላየ ሆኗል።