ዋሷ እኔ ነኝ

ለክልሉ ምክር ቤት ተወዳድሬ ያሸነፍኩት በንግግሬ አይደለም፤ በአባቴ ዋስትና ነው። ይህን የምለው ትሕትና ለማሳየት እንዳይመስላችሁ። ትሕትና አልፈጠረብኝም፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ፊዚክስ ያስተማርኳቸው ልጆች ይመስክሩ።

የቅስቀሳው ሰሞን በተውሶ ፒክአፕ ላይ ድምፅ ማጉያ አስረን ከጅጋ እስከ ማንኩሳ ስንዞር ከረምን። ፎቶዬ በየሱቁ በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ፎቶ አንሺው መልኬን ከማቅላቱ የተነሣ ጎረቤቶቼ እንኳ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ይሉ ነበር። የከተማው ሰው ቆብና ቲሸርቱን ይቀበለንና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። በመጨረሻው ቀን ወደ ተወለድኩበት ቀበሌ ወረድን። መኪናው ወንዙ ዳር ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ተሻገርኩ። ክረምቱ ገና ስላልገባ ውሃው ከጉልበቴ አላለፈም።

በክረምት ግን ያ ወንዝ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በአስፋልቱ በኩል ናቸው፤ የእኛ ሰው የሚኖረው ደግሞ ከወንዙ ወዲያ ነው። ወንዙ ሲሞላ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፣ ምጥ የያዛትም በቃሬዛ እንደተኛች ዳር ላይ ትጠብቃለች። በልጅነቴ የክረምት ቀብር ስንሸኝ ውሃው እስኪጎድል አስከሬን ይዘን ሣሩ ላይ እንቀመጥ ነበር። አንዳንዱ ሰው ወንዙ ወስዶት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሕዝቡ ዋርካው ስር ተሰብስቦ ጠበቀን። ስለ ልማትና ስለ መልካም አስተዳደር ያጠናሁትን ተናገርኩ፤ ማንም ልብ ብሎ አልሰማኝም። እኔም ተናደድኩና የያዝኩትን ወረቀት አጥፌ፣ «ከመረጣችሁኝ ይሄን ድልድይ አሠራለሁ» አልኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ቀና አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና፣

«መልካም ብለሻል ልጄ። በይ ዋስ ጥሪ» አሉኝ።

አብረውኝ የመጡት የከተማ ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አገሬን አውቃለሁ። በእኛ ቀዬ በሬ የሸጠም፣ ተጣልቶ የታረቀም፣ ልጁን ለመዳር የተዋዋለም ዋስ ይጠራል። ቃል የገባው ሰው ቢያጥፍ፣ ሕዝቡ እሱን ትቶ የሚሄደው ወደ ዋሱ ደጅ ነው። ለምርጫ ቅስቀሳ ዋስ ጥሪ የተባልኩት ግን እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

አስተባባሪያችን፣ «አባቶች፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ዋስ አያስፈልገውም» ቢላቸው፣

«መንግሥትማ ስንቴ ነግሮናል። ዛሬ የነገረችን እርሷ ናት» አሉት።

አባቴ፣ አባባ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ብድግ አሉና፣ «ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ።

«በል እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው፣ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው።»

አባባ ወደ እኔ አይተው ፈገግ አሉ። በምርጫው ዕለት ቀበሌው ነቅሎ ወጥቶ መረጠኝ።

ባሕር ዳር ስገባ ሁሉ ነገር በእጄ የገባ መስሎኝ ነበር። በዓመት ጥቂት ቀን እንሰበሰባለን፤ ሪፖርት ይነበባል፣ እጅ እናወጣለን፣ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ስለ ድልድዩ በጠየቅሁ ቁጥር ኃላፊዎቹ አክብረው ያመሰግኑኛል። መጀመሪያ «በጥናት ላይ ነው» አሉኝ፤ ቀጥሎ «በሚመጣው በጀት ታሳቢ ይደረጋል» ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ጥናት ላይ ገባ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት። ማይክሮፎኔ ተዘጋ፤ ለምሳ ተነሣን።

አንድ በጋ ግን እውነትም መሐንዲሶች መጡ። ወንዙን ለክተው በዚህም በዚያም ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። አባባ የጎረቤት ስልክ ለምነው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዋስትናዬ ሊወርድልኝ ነው» አሉ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ በደስታ አለቀስኩ።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፤ ለሥራው የተላከው ማሽን ጅጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ሰው ልጁን በሚቀብርበት ሰሞን ስለ ድልድይ መጠየቅ እኔንም ያሳፍረኝ ጀመር። ክረምት ግን ጊዜ ከፋ ብሎ አይቀርም።

ብዙ ቆይቼ መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። ሐምሌ ነበር። ወንዙ ዳር ስደርስ አባባን ከታፋቸው በላይ ውሃ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ከግራር ግራር ወፍራም ገመድ ወጥረዋል፤ ሰው ገመዱን ይዞ ሲመጣ እርሳቸው ከመሐል ተቀብለው ያሻግራሉ። አብሯቸው የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ በማዶ በኩል ቆሟል። እኔን ከቀበሌው ሰው ማንም ወቅሶኝ አያውቅም፤ ሳገኛቸው «የተከበሩ» እያሉ እጅ ይነሡኛል። የሚሄዱት ወደ አባባ ደጅ ነበር። አይቆጡም፣ አይሳደቡም፤ ቁጭ ይሉና «አያ፣ እንዴት እናድርግ?» ይላሉ። አባባም ሄደው ገመድ ገዙ።

«አባባ፣ ኧረ ይውጡ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ዋስ የሆኑት ለድልድይ ነው፣ ራስዎ ድልድይ ሊሆኑ ነው?»

«ድልድዩ እስኪመጣ ሰው ይሻገር እንጂ።»

«የማይመጣ ቢሆንስ?»

ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሯል። «ይሄንን ምክር ቤትሽ ሄደሽ ተናገሪው» አሉኝ፤ «እዚህ አትናገሪው፣ ሰው ይሰማሻል።»

በነጋታው መንገዱ ሳይዘጋ ተመለስኩ። ለሚቀጥለው ምርጫ እንድወዳደር ሲጠይቁኝ እምቢ አልኩ፤ ሌላ ዋስ ከየት አመጣለሁ?

አባባ የሞቱት በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ነው። ብርዱ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ወንድሜ ጤና ጣቢያ ሊያደርሳቸው በቃሬዛ አውጥቷቸው ወንዙ ሞልቶ መለሰው። እኔ ገመዱን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ተሻግሬ የደረስኩት አስከሬናቸው ዳር ላይ ተቀምጦ ነው። ውሃው እስኪጎድል ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከቃሬዛው አጠገብ ያ ችካል ቀለሙ ለቆ ቆሟል። ልቤ ተሰበረ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴንም፣ ምክር ቤቱንም፣ ወንዙንም ጠልቼ አላውቅም።

በቀዬአችን ሟች ከመቀበሩ በፊት በዋስትና የተያዘ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ነፍሱ ታስራ እንዳትሄድ። እነዚያው ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። የሚሉትን ስለማውቅ ቀደምኳቸው።

«ፍቱልኝ!» አልኩ። «እግራችሁ ላይ ልውደቅ፣ አባቴን ፍቱልኝ። ድልድይ የለም፤ አይመጣም!»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ፈተናል ልጄ፤ እግዚአብሔር ይፍታ» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ሊሉም አፋቸውን ከፍተው ነበር። ወንድሜ ግን ቀደማቸው። አባባን በልመና ሳይሆን ዕዳቸውን ተቀብሎ የሚፈታ ልጅ እንዳላቸው ረስቼ ነበር።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለ።

«ተው!» ብዬ ነጠላውን ያዝኩት። ያለኝን ኃይል ሁሉ አድርጌ ጎተትኩት፤ አልተቆጣኝም፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው።

«በል እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው። ተረቱን ግን አልጨመሩትም።

ውሃው ትንሽ ጎደል ብሎ ነበር። ወንድሜ ጫማውን አውልቆ ወደ ገመዱ ወረደና አባባ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመ። እኛም አስከሬኑን አንሥተን ወደ እሱ ሄድን።