ፍቅርተ የሰረዘችው ቃል

ፍቅርተ ደብረ ብርሃን ባለችው ትንሿ ሬዲዮ ጣቢያችን ሰባት ዓመት ሙሉ የጠዋት ዜና አነበበች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ድምፅ የምቆጣጠር ቴክኒሻን ነኝ። አገሬው መንገድ ለመውጣትም ሆነ ቤት ለመዋል መጀመሪያ እሷን ይሰማ ነበር። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

አምና በጥር፣ ተኩሱ ጋብ ሲል፣ መልሶ ሲያገረሽ በከረመበት ሰሞን፣ «በአካባቢው አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል» ብላ አነበበች። የተሰጣት ወረቀት እንደዚያ ይላል። የሰላ ድንጋዩ በግ ነጋዴ አቶ ገብረአብ ይህን ሰምተው ወደ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ተኩስ ገጠማቸውና ጥይት ጉልበታቸውን መታቸው።

ሆስፒታል ልትጠይቃቸው ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ልጄ፣ አንጻራዊ ማለት ምን ማለት ነው?» አሏት። «እኔ ሰላም የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት።»

ፍቅርተ አቀርቅራ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለች። እሳቸው የታሰረ እግራቸውን እያዩ፣ «ይሄስ ይድናል፤ የአፍ ወለምታ ነው በቅቤ የማይታሸው» አሉ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «ውሸት ቢሆንማ ሰው ይነቃብን ነበር። ይሄ የፈሪ ቃል ነው» አለች። እውነቷን ነው። እኛ ከላይ የመጣ ወረቀት ወደ ታች እናቀብላለን እንጂ ሄዶ ያየ ማን አለ? በማግስቱ በየመንገዱ ያሉ ሹፌሮችንና መምህራንን ስልክ ደብተር ላይ መዘገበች። ከዚያ ወዲህ ሳትደውል ዜና አታነብም ነበር።

መጋቢት ላይ አቶ ገብረአብ አጥንታቸውን ለመጠገን የገባው ብረት ከጉልበታቸው ሊወጣላቸው ሆስፒታል ተቀጠሩ። «ጠዋት ሬዲዮዎን ሳይከፍቱ እንዳይነሱ» አለቻቸው። በቀጠሮው ጠዋት ወረቀቱ ያንኑ «አንጻራዊ ሰላም» ይዞ መጣ። ፍቅርተ ለሹፌሮቹ ደወለች፤ መኪና የለም አሏት። ቃሉን በእስክሪብቶ ሰረዘችና፣ «ከሰላ ድንጋይ ደብረ ብርሃን ከትናንት ጀምሮ መኪና አላለፈም። የዛሬውን አናውቅም» ብላ አነበበች። አርታኢው ሳምሶን ድምፁን ቁረጥ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ አልተጫንኩትም። ፈሪ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን በራሴ ኮራሁ።

አቶ ገብረአብ ቤታቸው ዋሉ። እኔን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለፉኝ፤ ፍቅርተን ከማይክ አንስተው መዝገብ ቤት መደቧት። «እዚያም ስልክ ይሠራል» ብላ ደብተሯን ይዛ ሄደች።

ባለፈው ማክሰኞ ፋይል ልፈልግ ስገባ ስልኳ ጮኸ፤ በድምፅ ማጉያ አነሳችው። አቶ ገብረአብ ናቸው፤ ብረቱ ገና አልወጣም።

«ልጄ፣ ዛሬስ ልምጣ?»

«ይምጡ አባባ። ጠዋት ከእናንተ የተነሱ መኪኖች ገብተዋል፤ ሹፌሮቹን አንድ በአንድ አናግሬያቸዋለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንጻራዊ ነው?»

«አይደለም» አለች ፍቅርተ። «ሦስት መኪና ነው።»