የመስቀል በሬያችንን የቀበሩት ሐኪም

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ከተማ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ ሳልፍ የበሰበሰ ጨጓራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቆዳ፣ ቀንድና ፌስታል ቦዩን ደፍኖታል፤ ደም የቀላቀለው ውሃ በላዩ ተንሸራትቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከታች ሁለት ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ከዚያው ወንዝ ይሞላሉ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ እንደያዝኩ ጋሽ ኤርጊቾ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ሾኔ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን የከብት ሐኪም ነበሩ። ቀጭንና ቁጥብ ሰው፤ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን አሮጌ ሞተራቸው ላይ በጎማ አስረው ይመጣሉ። ሰዉ ብዙም አይወዳቸውም። ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ስንቀዳ ካገኙን ይቆጣሉ፤ ወተት ሳይፈላ ስንጠጣም ይቆጣሉ። «ከብቱን የያዘ በሽታ እናንተንም አይምርም» ይሉ ነበር።

አንድ ዓመት ጎረቤቱ ሁሉ ለመስቀል ቅርጫ አዋጥቶ የገዛው በሬ እኛ ግቢ ታስሮ ይቀለብ ነበር። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ስንነሳ ሞቶ አገኘነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ከአፍንጫውና ከኋላው ጥቁር፣ የማይረጋ ደም ይንጠባጠባል፤ ዓይኑን ዝንብ ወርሮታል።

አጎቴ ደሳለኝ «ገና ትኩስ ነው፤ ሳይበላሽ እንግፈፈው» ብሎ ቢላዋ አነሳ። አባቴ አልከለከለውም። እኔ ደግሞ፣ ዛሬም ራሴን ያስጠላኛል፣ ያን ደም እያየሁ ሥጋውን አስቤ አፌ ምራቅ ሞላ።

ጋሽ ኤርጊቾ ወሬውን ሰምተው ሲደርሱ አጎቴ አንዱን ታፋ ገፎ ጨርሷል፤ እጁ እስከ ክርኑ በደም ተነክሯል። ሞተራቸውን መሬት ላይ ጥለው ሮጡ።

«ደሳለኝ፣ ቢላዋውን ጣል! አባ ሰንጋ ነው!»

«በዓል ደርሶ ምን እንብላ ጋሼ? ቀቅለን እንበላዋለን እንጂ።»

«እስክትቀቅለው መች ይጠብቅሃል? ስትነካው ነው የሚይዝህ! ደሙ የፈሰሰበትን ሣር የበላች ላምህም አትተርፍም።»

አንዱ ጎረቤት እግራቸው ሥር ምራቁን ተፋ። አልመለሱለትም። አጎቴን በሳሙና አስታጥበው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው መቆፈር ጀመሩ። በኋላ አባቴ አፍሮ አካፋ ያዘ። በሬውን ከነቆዳው፣ ደም ከነካው አፈር ጋር ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከተው ኖራ አፈሰሱበት። መስቀልን ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አተካና ብቻ በልተን ዋልን፤ ጋሽ ኤርጊቾ በመንገድ ሲያልፉም ሰላም ያላቸው አልነበረም።

እሳቸው ግን በበዓሉ ማግስት ተመልሰው መጡ። «እጅህን አሳየኝ» አሉት አጎቴን። አልፈለገም፤ በግድ እጅጌውን ሰበሰቡት። ክንዱ ላይ ዙሪያው ያበጠ፣ መሃሉ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል ነበር። «አያመኝም እኮ» አለ። «ክፋቱም እሱ ነው» ብለው ሞተራቸው ላይ አፈናጠው ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ምን እንደነካም ለነርሷ ራሳቸው አስረዱ። አጎቴ ዳነ።

ጋሽ ኤርጊቾ ወደ ሞርሲቶ ተዛውረው እዚያው አረፉ። በሰፈራችን ዛሬም ከብት በድንገት ሞተ ሲባል ቀድሞ የሚደርሰው አጎቴ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ የተጨማደደውን ጠባሳውን እያሳየ የባለከብቱ ግቢ በር ላይ ይቆማል። ሐኪም እስኪመጣ ድረስ ቢላዋ የያዘ ሰው አያሳልፍም።