ለሁለት ሰው የተሸመነው ቡልኮ

የልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደረች ልትፈተን ስለሆነ፣ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ሣጥኑን ከፍቼ ቡልኮውን ሳወጣው የቆየ ጥጥና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ እኔም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ሶዶ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ጎበዝም ሰነፍም ያልነበርኩ፣ መምህራን ስሜን ቶሎ የሚረሱት ዓይነት ተማሪ። በሰፈራችን ግን ኮሌጅ የመግባት ዕድል የሚለካው በውጤት ብቻ አልነበረም። ማትሪክ ስንፈተን የምንቀመጠው በስም ቅደም ተከተል ነበርና፣ ሰው ይገባል አይገባም የሚባለው ከማን ኋላ እንደሚቀመጥ ታይቶ ነው። እኔ አልታዬ ነኝ፤ የልብ ጓደኛዬና የክፍላችን አንደኛ ደግሞ አልማዝ። ባለሱቁ ሀጂ ስኳር እየመዘኑልኝ «አንቺማ እናትሽ ስም ያወጣችልሽ ዕለት ገብተሻል!» እያሉ ይስቁ ነበር። እናቴ ቀልዱን እንደ እውነት ይዛ፣ ኮሌጅ ስንገባ ከአልማዝ ጋር በአንድ አልጋ ለብሰነው እንድናድር ይህን ሰፊ ቡልኮ አሸመነች፤ አልማዝ ቤት ቡልኮ አልነበረም፣ እሷም ከሶዶ ብቻዋን መውጣት ትፈራ ነበር።

የፈተናው ቀን አልማዝ ዘንበል ብላ ወረቀቷን ገለጠችልኝ። ከእኔ የሚጠበቀው አንገት ማቅናት ብቻ ነበር። ግን በስተቀኜ ከገሱባ የመጣች፣ ጫማዋ ላይ የመንገዱ ጭቃ ያልደረቀ ልጅ እርሳሷን እየነከሰች ጣራ ጣራ ታያለች፤ ከፊቷም ከኋላዋም የምታውቀው ሰው የለም። ለእሷስ ማን ዘንበል ይበልላት? የኮሌጅ ቦታ ውስን ነው፤ እኔ አይቼ ከገባሁ አንዷ ምስኪን ትቀራለች። ዓይኔን ወረቀቴ ላይ ተክዬ የማውቀውን ሠራሁ፣ የማላውቀውን ገመትኩ።

ስንወጣ አልማዝ እጄን ጨብጣ «ለምን አላየሽም?» አለችኝ። የገሱባዋን ልጅ ነገርኳት።

«ለማታውቂያት አዝነሽ እኔን ብቻዬን ሰደድሽኝ?»



ውጤት ሲለጠፍ ካለፉት መካከል ስሜ አልነበረም። የገሱባዋ ልጅም ከግድግዳው ሥር ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ አየኋት፤ የእኔ አለማየት ለእሷ አንዳች አልጨመረላትም።

የዘመን መለወጫችን ጊፋታ አልፎ አልማዝ ኮሌጅ ስትሄድ ቡልኮውን ተሸክሜ መናኸሪያ ደረስኩ። በአውቶቡሱ መስኮት ባቀብላት መልሳ ገፋችው። «አንቺ ከሌለሽበት ምን ያደርግልኛል?» አለችና ፊቷን አዞረች። አውቶቡሱ የአረካን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ቡልኮውን አቅፌ ቆምኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ አባቷ ሲሞቱ ለቅሶ ላይ ተገናኘን። በአንድ ጓዳ ቆሎ እየበላን ያደግን ሆነን ሳለ፣ እንደማታውቀኝ «እንደምን አሉ?» አለችኝ። እኔም «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» አልኳት።

ዛሬም ብፈተን አላይም፤ ይህን ለማንም እናገራለሁ። ኮሌጁንም አላለቅስለትም፣ ያለ እሱ ልጅ አሳድጌያለሁ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

የልጄ ልጅ ቡልኮውን ዘርግታ አየችውና «አያቴ፣ ይሄ እኮ ሁለት ሰው ያስተኛል! የት ልሸከመው?» ብላ ሳቀች። ከተሸመነ ጀምሮ ማንም አልለበሰውም አላልኳትም። ብቻዬን ላጥፈው ብሞክር ሰፍቶ አቃተኝ፤ አንዱን ጫፍ እንድትይዝልኝ ለመንኳት።