የኔታን አትደግፏቸው

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጎንደር ውስጥ ሁለት ዓይነት ተማሪዎች ነበሯቸው። አንደኛው ለምድ ለብሶ ከደብሩ ቅጥር ሥር ጎጆ ቀልሶ የሚኖረው የአቋቋም ተማሪ ነው። ሁለተኛው ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ረቡዕ ረቡዕ በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ የሚጠብቃቸው የጤና ተማሪ ነው። የፊተኞቹን ማስተማር ከአባታቸው የወረሱት ሥራ ነው። የኋለኞቹን ማስተማር የጀመሩት ግን ጭናቸው ከተሰበረ በኋላ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዋ ተማሪያቸው እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ኩራት አይምሰላችሁ አልልም፤ ኩራት ነው።

የኔታ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። አቋቋም የሚባለው ትምህርት በማኅሌት ላይ በመቋሚያ እየዘመሙ፣ በጸናጽልና በከበሮ ልክ እየረገጡ የሚዘመርበት ነው፤ ጉሮሮ ብቻ አይበቃውም፣ ወገብና ጉልበትም ይፈልጋል። እግሩ የሳተ ተማሪ የየኔታ መቋሚያ ትከሻው ላይ ታርፍበታለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያስተምሩ ኖረው ከደብራቸው አልፎ እስከ ጭልጋ ድረስ ስማቸው ይጠራ ነበር።

በ1951 ዓ.ም. ጥር ሲያልቅ አይከል ተዝካር በልተው ሲመለሱ በቅሏቸው ደንብራ ጣለቻቸው። በቅሎዋ እባብ አይታ ነው ይላሉ እርሳቸው። የጎንደር ሰው ግን ተዝካሩ ላይ ስለተጠጣው ጠላ ያወራል። ያም ሆነ ይህ ቀኝ ጭናቸው ተሰበረ። ገበሬዎች በቃሬዛ እየተቀባበሉ ሆስፒታል አደረሷቸው፤ እዚያም እግራቸው በገመድና በአሸዋ ከረጢት ተስቦ አሥራ ሦስት ሳምንት በጀርባቸው ተኙ።

አጥንቱ ያዘ። ሰውየው ግን አልተነሱም። ጉልበታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ አልታጠፍ አለ፤ ቀኝ ጭናቸውም ከግራው በአራት ጣት ቀጠነ።

እኔ ያን ጊዜ የኮሚዩኒቲ ነርስ ተማሪ ነበርኩ፤ ስሜ ሰብለ ወንጌል፣ የትክል ድንጋይ ቄስ ልጅ፣ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ። የሚያስተምረን ፈረንጅ ዶክተር አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም አንድ ዓረፍተ ነገር አጥርቶ ያውቅ ነበር፤ «አጥንት መግጠም ግማሽ ሥራ ነው፤ ሰውየው ወደ ሥራው ሲመለስ ነው ሥራችን የሚያልቀው» ይላል። የየኔታን ቀሪ ግማሽ ሥራ ለእኔና በላቸው ለሚባል የጤና መኮንን ተማሪ ሰጠን።

በዚያው ሳምንት የደብሩ አለቃ ሊጠይቋቸው መጡ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብዙ ካዘኑ በኋላ የመጡበትን ተናገሩ። «ወልደ ዮሐንስ፣ ደብር ያለ መሪ አይውልም። ኅዳር ሚካኤልን ቆመው ከመሩ፣ ቦታው የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን ለግራ ጌታ አድማሴ መስጠት ግዴታዬ ነው። አይቀየሙኝ።»

«አልቀየምም» አሉ የኔታ። አለቃው ሲወጡ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልብሳቸውን ሳስተካክል «ልጄ፣ መቆም ያቃተው የአቋቋም መምህር ምን ይባላል?» አሉኝ።

ሳላስበው «ኅዳር ሚካኤልን እርስዎ ይመራሉ፣ የኔታ» ብዬ አረፍኩት። የቄስ ልጅ ቃሏን አታጥፍም፤ እንግዲህ ተያዝኩ።

የሆስፒታሉ አናጺ ሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ አቆመልን። በጠዋትና ከሰዓት በኋላ የኔታን በአግዳሚዎቹ መካከል እናመላልሳለን። ክራንች ቢቀርብላቸው «ይህ የለማኝ ነው» ብለው ወረወሩት። ስለዚህ በላቸው በቀኝ ክንዳቸው፣ እኔ በግራ ክንዳቸው ገባን። ይህን ያዩ የሌላ በሽተኛ አስታማሚዎች ደግሞ «ኧረ የኔታን!» እያሉ ከየአልጋው ሥር እየተነሡ ይደርሱልናል፤ አንዱ በወገባቸው፣ አንዱ ከኋላ። ዘበኛው ሳይቀር በሩን ትቶ ይመጣል። የኔታ በአጀብ ሲሄዱ ላየ ሰው ታቦት የወረደ ይመስለዋል። «ዛሬስ ደከመኝ» ካሉም «እሺ የኔታ» ብለን እናስተኛቸዋለን። ምን ልበል? አፍ ሳልፈታ የካህን ጉልበት መሳም የተማርኩ ልጅ የኔታን «ይነሱ» ብዬ ላዝ?

ሦስት ሳምንት እንዲህ ደከምን። ከዚያ ዶክተሩ ሜትሩን ይዞ መጣና ጭናቸውን ለካ። አንድ ጣት እንኳ አልጨመረም። ወረቀቱን አየ፣ የኔታን አየ፣ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና «የሰብለ ክንድ ግን ወፍሯል» አለ።

በላቸው ሳቀ። እኔ ልብስ ማጠቢያው ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ገብቶኝ ነበር። ስንሄድ የከረምነው እኛ ነን፤ የኔታ ተሸክመናቸው ነው የከረሙት።

ስመለስ የኔታ ቀና ብለው «ምነው ዓይንሽ ቀላ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ እያከበርን ልናጠፋዎት ነው» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጢማቸውን እያሻሹ ጠየቁኝ።

«አንቺ የቄስ ልጅ፣ እኔ ተማሪዬን ሳስረግጥ ክንዱን እይዝለታለሁ?»

«አይይዙም።»

«ደከመኝ ሲልስ እሺ እለዋለሁ?»

«በመቋሚያ ይሉታል።»

«ታዲያ እኔን ምን በደልኩሽ?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ እንደሆነ እስከ ዛሬ በውል አልለየሁትም።

በማግስቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ መቋሚያቸውን ከቤት አመጡ። ተቀብዬ በተሰበረው እግራቸው በኩል፣ በቀኝ እጃቸው አስያዝኳቸው። የሚያምህ ጎን ነው የሚደገፈው፤ ማንም እንዲህ ያደርጋል። የኔታ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። «ጸናጽል በቀኝ፣ መቋሚያ በግራ። ይህን የኔ ቤት ጀማሪ ያውቀዋል» አሉኝ።

ዶክተሩ በበሩ ሲያልፍ አይቶ ቆመ። ለካስ ከሁለት ሳምንት በፊት ምርኩዝ ከታመመው እግር ተቃራኒ እንደሚያዝ፣ ክብደቱን የሚካፈለውም ያኔ እንደሆነ አስተምሮን ነበር። እኔም በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ አልገባኝም እንጂ ጽፌዋለሁ። «መጽሐፉን ያነበቡት እርሳቸው ናቸው እንዴ?» ብሎን ሄደ።

«አንድ፣ ሁለት» ብዬ ስቆጥርላቸውም አልወደዱም። «ይህ የወታደር ነው። መጥረጊያሽን አምጪ» አሉኝ። በመጥረጊያው እንጨት ወለሉን በዝማሜ ልክ እንድመታ አስተማሩኝ፤ ዝግ ያለ ነው፣ ሰውነት ወደ ቀኝ ይዘምማል፣ ይመለሳል፣ ወደ ግራ ይዘምማል። ዶክተሩ የታመመውን እግር ክብደት ማለማመድ የሚለው ነገር ይኸው ሆኖ ተገኘ። ከአጠገባችን የተኛ አንድ ዲያቆን «ሴት ልጅ ዝማሜ መታች?» ብሎ ቢያጉረመርም የኔታ «ይህ ማኅሌት አይደለም፤ ሆስፒታል ነው። አርፈህ ተኛ» አሉት።

የቀረው የእኔ ድምፅ ነበር። የመጀመሪያ ቀን «ይነሱ» ያልኩት ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«ይነሱ!»

«አልሰማሁም።»

«የኔታ፣ ይነሱ!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ተነሡ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልቀለለም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ጉልበታቸውን ይነዘንዛቸዋል። አንድ ቀን «ዛሬስ በእውነት አልችልም» አሉ። እኔም የመጥረጊያውን እንጨት አነሣሁ። አልመታኋቸውም፤ አነሣሁት ብቻ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የኔታ «አባትሽ ጨዋ ሰው ነው፤ አንቺን ከየት አመጣሽ?» እያሉ ተነሡና ስድስት ጊዜ ተመላለሱ።

ነሐሴ ላይ ከአግዳሚው ውጪ ብቻቸውን ሲሞክሩ ወደቁ። ወይዘሮ እናኑ ጮኸው ሮጡ። አስታማሚዎቹም እንደ ልማዳቸው ተነሡ። የኔታ ከወለሉ ላይ ሆነው እጃቸውን ዘረጉና «እናኑ፣ ንክች እንዳታደርጊኝ! ማንም እንዳይጠጋ!» አሉ። በክርናቸው ተንፏቀቁ፣ ጤነኛ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ መቋሚያውን ተክለው በእጃቸው እየተሳቡ ወጡ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም፤ እኔ ከንፈሬን ነክሼ እጄን ወደ ኋላ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ መጀመሪያ እልል ያሉት ወይዘሮ እናኑ ናቸው። ያ ዲያቆንም ከአልጋው ላይ አጨበጨበ።

መስከረም ላይ ዶክተሩ ለካቸው፤ ጭናቸው ሁለት ጣት ሞልቷል። ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ግን ረቡዕ ረቡዕ እየመጡ ከእኔ ጋር የበረንዳውን ደረጃ መውጣትና መውረድ ይለማመዱ ነበር። ዶክተሩም ሌሎቹን ተማሪዎች ዙሪያውን እያቆመ እንዲያዩ አደረገ። የኔታ ተማሪ ካዩ መቼ ዝም ይላሉ? ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው እያነከሱ «ክንዱን ልቀቂ፣ አንቺ!» «አንተስ ለምን ታዝንለታለህ? ጠላትህ ነው?» እያሉ ማስተማር ጀመሩ። ያ ነገር ዘጠኝ ዓመት ቆየ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ደረሰ። ማኅሌቱ አልቆ፣ ቅዳሴው ወጥቶ፣ ረፋዱ ላይ ታቦቱ ሲወጣ እኔ ከእናቴ ጋር በሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበር። እናቴ ለበዓሉ ከትክል ድንጋይ መጥታለች። ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሙ። የኔታ መሐል ናቸው፤ መቋሚያ በግራ፣ ጸናጽል በቀኝ። ግራ ጌታ አድማሴ ከጎናቸው ሆነው ዓይናቸውን ከየኔታ ጉልበት ላይ አልነቅል ብለዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ይጨነቁ ነበር።

ዝማሜው ተጀመረ። ወደ ቀኝ ሲዘምሙ እኔም በነጠላዬ ውስጥ ወደ ቀኝ እዘምማለሁ። እግራቸው ያዘ። ከበሮው ሲነሣ መረገዱ ገባ፤ እግር ይነሣል፣ ይወርዳል። ቀኝ እግራቸው ተነሣ፣ ወረደ፣ መሬቱን ረገጠ። ከዚያም ጭብጨባው እየፈጠነ ሲመጣ የኔታ ከሁሉ ቀድመው ገቡበት። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ ፊት በርቷል። እልልታው ደብሩን ሲያናውጠው እኔ እንባዬ ጋርዶኝ መጨረሻውን አላየሁም። ከዚያ ቀን በላይ የተደሰትኩበት ቀን የለኝም፤ ሠርጌንም ጨምሮ።

ታቦቱ ሊገባ ሆነ። ካህናቱ ተከትለው በመቅደሱ ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች መውጣት ጀመሩ። የኔታ ደረጃው ሥር ሲደርሱ ግራ ጌታ አድማሴ በአንድ ክንዳቸው፣ አንድ ቄስ በሌላው ገቡ፤ ሁለት ዲያቆናት ከኋላ ደረሱ። በአክብሮት፣ በፍቅር ብድግ አደረጓቸው። የየኔታ ቀኝ እግር ከመሬት ተነሥቶ ሲንጠለጠል አየሁ።

«ክንዳቸውን ልቀቁ!»

የጮህኩት እኔ ነኝ። በሆስፒታሉ ድምፄ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ በካህናት ላይ። እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። አለቃው ከደረጃው ላይ ሆነው የጮኸችው ማን እንደሆነች ሊያዩ ዞሩ፤ እኔም ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

የኔታ በሰው ክንድ ላይ እንደተንጠለጠሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው ፈለጉኝ። አገኙኝ።

«መምህሬ ናት» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። «ያለችውን አድርጉ።»

ለቀቋቸው። የኔታ መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው አስተካከሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ማንም ሳይነካቸው ሦስቱን ደረጃ ወጡ። ጤነኛ እግራቸውን እያስቀደሙ፤ እንዳስተማርኳቸው።