ፉርሽካው ላይ የተኙት ድመቶች

የፍየል እርባታው መኖ ቤት ጠባቂ ጋሽ ፉርሽካ ይባላል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አትጠይቁኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ጆንያ ሲያገላብጥ ኖሮ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የስንዴ ገለፈት ሰፍሯል። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ አንድ ልጁ ደግሞ አግብታ ሩቅ ከተማ ገብታለች። እሱ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ክፍል ይኖራል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ብርጭቆ። በሁለተኛው ብርጭቆ ሰው ጠጥቶበት አያውቅም፣ ግን በየቀኑ ያጥበዋል።

ከኛ ከጆንያ አውራጆቹ ጋር ወሬው «ስንት ጆንያ?» እና «በሩን ዝጋው» ነው። ከግራጫዋ የጎዳና ድመት ጋር ግን ሌላ ሰው ነው። «እህ፣ ወይዘሮ፣ ዛሬስ እንዴት ዋልሽ? አይጥ የለም? በይ እንግዲህ ቻይው፣ እኔም ምሳ አልበላሁ።»

አይጥ ታባርርልኛለች ብሎ ነው መጋዘን ያስገባት። ስትወልድ ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ የፉርሽካውን ሣጥን ክዳን አነሳና አራቱንም ልጆቿን እላዩ ላይ አስተኛቸው። ሞቃት ነዋ፣ ለስላሳ ነዋ።

ልጆቹ አድገው አይጥ መብላት ሲጀምሩ፣ ጥቂት ቆይቶ ፍየሎቹ ይጨነግፉ ጀመር። በአንድ ወር ዘጠኝ። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ደም ወሰደች። በሳምንቱ ተመልሳ ቀጥ ብላ ወደ ሣጥኑ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ድመት።»

«እሱማ ድመት ነው። ከሥሩ ያለውን ነው የምልዎት።»

ከሥሩ ኩስ ነበር። አስረዳችው። በዓይን የማይታይ ተውሳክ አለ፤ ድመት ከአይጥ ይይዘዋል፤ በተለይ ትንንሾቹ ለጥቂት ሳምንት በኩሳቸው ያወጡታል። ኩሱ መኖ ውስጥ ይገባል፣ ፍየሏ ትበላዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ግልገል ይሞታል።

ጋሽ ፉርሽካ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኛ የገደልኳቸው።»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ። ይኼን ይጣሉት፣ ከአሁን በኋላ ሣጥኑ ይከደን።»

እሱን የያዘው ግን ሌላ ጭንቀት ነው። ልጁ የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ በሚቀጥለው ወር መጥታ እሱ ጋ ልትወልድ ተስማምታለች። ፍራሽ ሁሉ ገዝቶላታል።

«ሰውስ ይይዛል? ልጄ እርጉዝ ናት፣ እኔ ጋ ልትወልድ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እርጉዝ ትጠንቀቅ። ኩስ አትንካ፣ እጇን ትታጠብ፣ ሥጋ በደንብ ይብሰል። ድመት አለ ተብሎ ግን ሰው ዘመዱ ጋ መሄድ አይተውም።»

እሱ ግን በማግስቱ ድመቷን ከነልጆቿ ካርቶን ውስጥ ከቶ ከተማው ማዶ ላለው ጎሚስታ ሰጣት። ባዶ ካርቶኑን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ የክፍሉን ወለል ሦስቴ በፈላ ውሃ አጠበ።

ዝም ቢል ማንም አይነግራትም ነበር። እሱ ግን ጆንያ እያወረድን ሳለ ደወለና ከሀ እስከ ፐ ነገራት። ስልኩ ስለሚጮህ ሁላችንም ሰማን።

«አባዬ፣ ባሌ አይሆንም አለ። እኔም ፈራሁ። ወልጄ፣ ልጁ ጠንከር ሲል እመጣለሁ፣ እሺ?»

«ልክ ነሽ የኔ እናት። እዚያው ይሻልሻል።»

«ድመቷስ?»

«ለሰው ሰጠኋት።»

«ታዲያ ብቻህን ሆንካ?»

«ኧረ ምን ብቻዬን፣ ሬዲዮ አለኝ እኮ። ሲለፈልፍልኝ ነው የሚያመሸው።»

ሬዲዮ የለውም። ስልኩን ሲዘጋ ማናችንም ቀና ብለን አላየነውም፤ ማውረዳችንን ቀጠልን።