የበግ ደም ነው ያልኩ ዕለት

ደብረ ማርቆስ ገበያ ማር እሸጣለሁ። ስኳር የነካውን ማር ከንጹሁ በምላሴ እለያለሁ፤ ይህን የሚክድ ነጋዴ የለም። አባቴ ግን ሉማሜ አጠገብ ወዳለው ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያነሳው ታናሽ እህቴን ነው። እሷ አዲስ አበባ፣ የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ደምና ፀጉር ትመረምራለች። «የእኔ ልጅ ደም ታናግራለች» ይላል። እኔን ሲያስተዋውቅ፣ «ይሄ ደግሞ ነጋዴው ነው።» ይሄ ደግሞ!

አንድ ዓመት ፋሲካን ከእኛ ጋር ልትውል መጣች። በበዓሉ ማግስት የአንድ ጎረቤታችን በግ ጠፋ፤ ከሌላው ጎረቤት ጓሮ ደም የነካው ጆንያ ተገኘ። ባለ ጆንያው «የፋሲካ ዶሮ ያረድኩበት ነው» ቢል ማን ሰምቶት! አውጫጭኝ ተጠራ። ሌባው እስኪወጣ የአገሩ ሰው ሁሉ ሾላው ስር ተሰብስቦ ይውላል ማለት ነው፤ ሰብሳቢው አባቴ ነው። ሰውየው ከተፈረደበት ከእድር ይባረራል፣ ቀባሪ አይኖረውም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የሰውየው ቀብር አልነበረም። አባቴ ፊት እህቴን መቅደም ነበር። ጆንያውን ብድግ አደረግሁ፣ አሸተትኩ፣ በጣቴ ፈተግ አደረግሁት።

«የበግ ደም ነው» አልኩ።

ሰዉ አጉረመረመ። አባቴ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። «እስኪ አንቺ እይው፣ ልጄ።»

ከቦርሳዋ ጓንት አወጣች። ለፋሲካ ጓንት ይዞ የሚመጣ ሰው! ጆንያውን አገላብጣ አየችና እንድትከትበት ያቀበልኳትን ፌስታል መለሰችልኝ።

«ወንድምዓለም፣ እርጥብ ነገር ፌስታል ውስጥ ይሻግታል፤ ወረቀት ነው የሚሻለው። ደግሞ በባዶ እጅህ ባትነካው ጥሩ ነበር።»

ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ።

«የምንድን ነው ታዲያ?» አሏት አንድ ሽማግሌ።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ሥራሽ አይደል እንዴ?»

«በዓይን አይለይማ። የዶሮም፣ የበግም፣ የሰውም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ተመርምሮ ነው። የበግ ነው ቢባል እንኳ የዚያ በግ መሆኑ በምን ይታወቃል? እኔ ደግሞ የገዛ መንደሬን ጉዳይ መመርመር አይፈቀድልኝም። ከፈለጋችሁ ፖሊስ ለሌላ መርማሪ ይላከው።»

ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ «አላውቅም»! ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ነጋዴ ማሩን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል።

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። «እሷ ያላወቀችውን እኛ ከየት እናመጣዋለን? ፍርዱ ይደር።»

ሲነጋ በጉ ከማዶ ሰዎች መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ሲግጥ ተገኘ። አባቴ እኔን አስከትሎ ባለ ጆንያው ቤት ሄደና ይቅርታ ጠየቀ። ሰውየው ለአባቴ በርጩማ አቀረበ፤ ለእህቴ እንቁላል ላከላት፤ እኔን «እንኳን አፍንጫህ ዳኛ አልሆነ!» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን የሸተተኝ በግ ነው።

ባለፈው ሰሞን ለአባቴ ምርጥ ነጭ ማር ይዤለት ሄድኩ። ቀመሰና ጢሙን ጠረገ።

«ንጹህ ነው?»

«ምን ጥያቄ አለው፣ አባየ! እኔው ራሴ ቀምሼዋለሁ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እስኪ ለእህትህ ደውልልኝ።»

ደወልኩለት። ስልኩ እየጠራ ሳለ አላውቅም እንድትለው ልጸልይ ጀመርኩና ተውኩት። አላውቅም ብትለውም የሚመርቀው እሷኑ ነው።